ውጭ የምበላውን ምግብ ካሎሪ እንዴት ልገምት? (ሐዋሳ)

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ እኔም ኪሎ ስለጨመርኩ ፈርቼ የምበላውን ስልኬ ላይ መመዝገብ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቤት ስሆን ችግር የለም፣ ሚዛን ገዝቻለሁ። የሚያስቸግረኝ ምሳ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ውጭ እበላለሁ። ረቡዕ በያይነቱ፣ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር የተጠበሰ አሳ፣ ሌላው ቀን የተገኘው። አፑ ላይ "የተጠበሰ አሳ" ብዬ ስፈልግ አንዱ 200 ይላል፣ ሌላው 600። ለአራት በአንድ ትሪ ስንበላ ደግሞ የኔ ድርሻ የቱ እንደሆነም አላውቅም። ኪሎዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነቃነቅ ብሏል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ምግብ ቤት የሠራ

እህቴ፣ ምግብ ቤት ወጥ ስሠራ ዓመታት ቆይቻለሁ። የሚያመልጥሽ ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ይቆጥባል፤ እኛ በጭልፋ ነው የምንገለብጠው። የጾም ወጥ ቅቤ ስለሌለው ጣዕሙ የሚመጣው ከዘይቱ ነው። ስለዚህ በያይነቱን "የጾም ነው፣ ቀላል ነው" ብለሽ አትለፊው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሁሉም የየራሱ ዘይት አለው። እኔ ብሆን ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብዬ እጽፋለሁ። "ዘይት ቀነስ አድርጉልኝ" ማለትም ነውር የለውም። ቀድመሽ ካዘዝሽ ጎመኑንና ጥብሱን ይቀንሱልሻል። አስቀድሞ የተሠራውን ወጥ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

የአሳ ወዳጅ

እኔን የገላገለኝ አንድ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የምትበዪውን ምግብ አንድ ቀን አስጠቅልለሽ ቤት ውሰጂና መዝኚው። አሳውን ከነአጥንቱ መዝኚ፣ ብይ፣ ከዚያ የተረፈውን ጭንቅላትና አጥንት መዝነሽ ቀንሺ። ያለ ዘይት የበሰለ ቆሮሶ (ቲላፒያ አሳ) በ100 ግራም 130 ካሎሪ ገደማ ነው። በላዩ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪበት፤ ተበጥቶ ስለሚጠበስ በየስንጥቁ ዘይት ይገባል። ከዚያ በኋላ እዚያው ቤት ያንኑ ስትበዪ ያንኑ ቁጥር ጻፊ። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሳሳተው። ኪሎሽ ካልቀነሰ ቁጥሩን ከፍ ታደርጊዋለሽ። በየቀኑ አዲስ ግምት ከሆነ ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ አይታወቅም።

የሦስት ልጆች እናት

ልጄ፣ እንጀራውን እኔ ልንገርሽ። 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪ ገደማ አለው። እኔ ቤት ከ1 ኪሎ 8 እንጀራ ይወጣል፣ አንዱ 450 መሆኑ ነው። የምግብ ቤቱ ሰፋ ካለ ከፍ አድርጊው። ትሪ ላይ ስትቀመጡ ከጥቅልሉ ስንት እንዳነሳሽ ቁጠሪ። ከወጡ ሥር ያለውን እንጀራ ደግሞ አትርሺ፣ ዘይቱን ጠጥቶ የሚቀመጠው እሱ ነው። ወጡን ለአራት ብቻ አካፍዪው፣ ከዚያ በላይ አትጨነቂ። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ተቀበዪና ቁጠሪው።

ነርስ

መጠጡን ማንም አላነሳውም። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 125 ካሎሪ ገደማ ነው። ጁስ ላይ ስኳር ከጨመሩበት እያንዳንዱ የሾርባ ማንኪያ 50 ገደማ ነው፣ አቮካዶው ሳይቆጠር። ስኳር እንዳይጨምሩበት ንገሪያቸው። አደራ፣ ምሳ በዝቶብኛል ብለሽ ራት አትዝለዪ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ እናትሽም አብረውሽ ከጀመሩ ማለቴ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅዳሜ አሳውን አስጠቅልዬ መዘንኩት። ከነአጥንቱ 410 ግራም፣ የተረፈው 170። ሥጋው 240 ግራም ሆነ፣ ከዘይቱ ጋር 550 ገደማ። እኔ እስከዛሬ 250 ነበር ስጽፍ የኖርኩት! ከአሳው ጋር የምበላውን ዳቦ ጨርሶ አልቆጠርኩትም ነበር። እናቴን ሐኪሟን ሳታማክር አመጋገቧን እንዳትለውጥ ነግሬአታለሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብሬያት እሄዳለሁ። ረቡዕ በያይነቱን አስጠቅልዬ እመዝናለሁ።