ሳይንስን ማመን ሃይማኖት ነው ወይ? የወሎ ልጆች ክርክር

ከደሴ፦ ያ ጀማዓ፣ እስቲ ተከራከሩልኝ። አንድ ወዳጄ «አንተም ያው አማኝ ነህ። እኔ ሼኬን እሰማለሁ፣ አንተ ፕሮፌሰሮችህን ትሰማለህ። ቫይረስ በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?» ይለኛል። ለእኔ ሁለቱ አንድ አይደሉም። እናንተስ?

ከወልድያ፦ ወዳጅህ ልክ ነው። ሐኪም ያዘዘልህን ክኒን ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ ነው የምትውጠው። ሳይንስ ራሱም ከመሠረቱ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ቆሟል። ትናንት የሠራ የተፈጥሮ ሕግ ነገም ይሠራል ብሎ ነው የሚነሳው። ነገን ማን አይቶ መጣ?

ከላሊበላ፦ የነገዋን ነገር እቀበልሃለሁ። ግን እሷ የሳይንቲስት ብቻ አይደለችም። ገበሬውም ማሳውን የሚያርሰው ክረምቱ ይገባል ብሎ ነው። ደግሞ እኛ ዘንድ የሆነውን አስታውስ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ በግርዶሽ ቀለበት ሆና ታየች። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ጥላው የሚያልፍበት መስመርም ቀድሞ ተሰልቶ ታውቆ ነበር። ስሌቱ በአንድ ሰዓት እንኳ ቢሳሳት ላስታ ሁሉ በመሰከረበት። እኔ የማምነው እንዲህ አደባባይ ወጥቶ የሚፈተነውን ነው።

ከወልድያ፦ ግርዶሹ ይሁን። ሕክምናውስ? ዛሬ ያሉትን ነገ ይሽሩታል።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ዝም አልልም። ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ጨጓራን እንውሰድ። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ነው ይሉ ነበር። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ባክቴሪያ ነው አሉ። ብዙው ሰው አልተቀበላቸውም። ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራው ተቆጣ። ነገሩ በዚህ ብቻ አላለቀም። ሌሎች ተመራማሪዎችም ሐሳቡን ፈተኑት። በአንቲባዮቲክ የታከሙት ሰዎች ቁስላቸው ዳነ፣ ማገርሸቱም እጅግ ቀነሰ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ነባሩን ትምህርት ስላፈረሱ ነው የተሸለሙት! የትኛው ሃይማኖት ነው ይህን የሚያደርገው? መሻር ያልከው እኮ ይኸው ነው።

ዛሬ ያንን ባክቴሪያ በትንሽ ኪት እንፈልገዋለን። ከሰገራ ናሙናው ጥቂት ጠብታ እናደርግበትና እንጠብቃለን። ሁለት መስመር ከወጣ ባክቴሪያው አለ፣ አንድ ብቻ ከሆነ የለም። ከሁለቱ አንዷ፣ ያቺ ሁልጊዜ መውጣት ያለባት መስመር ግን በሽተኛውን አይደለም የምትመረምረው። ኪቱን ራሱን ነው። እሷ ካልወጣች ውጤቱ አይነበብም፣ ኪቱ ይጣላል። «ተሳስቼ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ተሠርቶበታል።

ከሐይቅ፦ ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ለሃይማኖቱ ልቆርቆር። ጸሎቴን በኪት አልለካውም፣ ፈጣሪዬንም አልፈትነውም። ሁለቱ አንድ ናቸው ስትሉ ሃይማኖትን ከፍ ያደረጋችሁ ይመስላችኋል፤ ዝቅ ነው ያደረጋችሁት። በእኛ በወሎ አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። አንዱ ዱዓ ያደርጋል፣ አንዱ ጸበል ይጠጣል። ወባ ሲይዛቸው ግን የሚሄዱት አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ክኒኑን ለመዋጥ ብሎ ሃይማኖቱን የቀየረ ሰው አላየሁም። ለሳይንስ ወዳጆችም የምለው አለኝ። «ሳይንስ እንዲህ ይላል» ብላችሁ፣ የትኛው ጥናት ስትባሉ የምትቆጡ አላችሁ። ያ እውነትም ጭፍን እምነት ነው።

ከወልድያ፦ ጋሼ ያሉት ገብቶኛል። የኪቷንም ነገር ተቀብያለሁ። ግን እህቴ፣ መስመሩን የምታነቢው አንቺ ነሽ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ነው የምወጣው። ዞሮ ዞሮ የማምነው አንቺን ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እኔን ብቻ አትመን። ሌላ ላቦራቶሪ ሂድና አስመርምር፤ እኔ ምን እንዳገኘሁም አትንገራቸው። ውጤቱ ካልገጠመ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።