ማሽኑ ውሃ አልደፋ ሲል፦ ለጅማ ሰው ጥቆማ

የልብስ ማጠቢያው ውሃ አልደፋ ካለ ወዲያው «ፓምፑ ተቃጥሏል» ብላችሁ ብር አታውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ቆሻሻ የሚይዘው ፊልተር ወይም ውሃው የሚወጣበት ቱቦ ነው። ሁለቱንም ራሳችሁ ታጸዳላችሁ።

ሶኬቱን ንቀሉ። ከፊት የሚከፈት ከሆነ ከታች ጥጉ ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ዝርግ ትሪ አስጠጉና ፊልተሩን ቀስ እያላችሁ ፍቱት፤ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ በዚያ ነው የሚመጣው። በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ከነበረ እስኪበርድ ጠብቁ። እኛ ቤት ብዙ የሚወጣው የጋቢና የነጠላ ክር ነው፤ ከሳሙና ዝቃጭ ጋር ተጠቅልሎ ገመድ ያክላል። ሳንቲምና የጡት መያዣ ሽቦም አይጠፋም። ከዚያ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ እያያችሁ ውሃውን የምትገፋውን የፓምፑን ትንሽ ማራገቢያ በጣት አዙሯት። እየተንገጫገጨች ከዞረች ደህና ናት። ፓምፑ ውስጥ ማግኔት ስላለ አዟዟሯ እንደዚያ ነው። «ይኸው ይዟል፣ ይቀየር» የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ።

ቱቦውንም እዩ። ጫፉን ግቢ ውስጥ ቦይ ላይ የምንጥል ብዙ ነን፤ በክረምት ቀዩ ጭቃ ይደፍነዋል። ከመሬት ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ባለ ሁለት ገንዳው ግን ተቃራኒው ነው። አብዛኛው ፓምፕ የለውም፣ ውሃው በራሱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ስለዚህ ቱቦው መሬት ላይ ይተኛ።

ፓምፑ እያጓራ ውሃ ካልወጣ የሆነ ነገር ዘግቶታል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ግን የኤሌክትሪክ ነገር ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ጥሩ።

ከባለሙያ እኔ የምመርጠው ቤት የሚመጣውን ነው። ሰፈራችሁ ፈረንጅ አራዳም ይሁን ቆጪ፣ ማሽኑን ጭኖ ሱቅ መውሰድ አያዋጣም። ከበሮው በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ነው፤ ሲገዛ የነበሩት የማጓጓዣ ብሎኖች ካልታሰሩ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይጎዳል። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ፊልተሩን እፊታችሁ ይከፍታል፣ ከዚያ ፓምፑን በቴስተር ይለካል። ሳይለካ ዋጋ የሚጠራውን አመስግናችሁ ሸኙት።

ፓምፕ መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ውጡ፣ ወይም ጽሑፉን ፎቶ አንሱ። በብሎን የሚታሰር አለ፣ ተጠምዝዞ የሚገባም አለ፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። አስመስሎ የተሠራው አይናቅም፤ አገጣጠሙ ልክ ከሆነና 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ካለው ይሠራል። ኦርጂናሉን ከአዲስ አበባ ማስላክ የሚያዋጣው ማሽኑ ገና አዲስ ከሆነ ነው። ያገለገለ ፓምፕ ግን አልመክርም።

ሳሙና ስትገዙ «ኦቶማቲክ» የሚለውን ያዙ። የእጅ ማጠቢያው ኦሞ አረፋው ይበዛል፤ ፓምፑ ደግሞ አረፋ መግፋት አይችልም።