50 እንቁላል ገደማ የሚይዝ ዲጂታል ማስፈልፈያ ስንገዛ ምን እንመልከት?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ኮኮክ ከሚባለው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዝርያ 25 ዶሮዎችና 3 አውራዎች አሉኝ። እስካሁን ጫጩት ያገኘሁት እንቁላሌን ለጎረቤት የአበሻ ዶሮ እያሳቀፍኩ ነበር፤ አሁን ግን ከ48 እስከ 56 እንቁላል የሚይዝ ትንሽ ዲጂታል ማስፈልፈያ ለመግዛት ገንዘብ አዘጋጅቻለሁ። ሱቅ ያየኋቸው ሁሉ ይመሳሰሉብኛል፤ ሁሉም ሙቀትና እርጥበት በቁጥር ያሳያሉ፣ ሁሉም በራሳቸው ያገላብጣሉ ይባላል፣ ዋጋቸው ግን በእጥፍ ይለያያል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ መብራትም ሳይነገረን ይሄዳል። ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለየው?

መልስ (ከቢሾፍቱ)

ውድ ጠያቂ፣ በማሳያው ላይ የሚበራው ቁጥር ማሽኑ «ይህን ያህል ሞቄአለሁ» የሚለው ነው እንጂ እንቁላሉ በእርግጥ ያገኘው ሙቀት ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ማሽኔ 37.7 እያሳየ ውስጡ ግን ከ37 በታች ነበር፤ ጫጩት የሚወጣበት 21ኛው ቀን አንድም ቅርፊት ሳይሰነጠቅ አለፈና በ23ኛው ቀን ከ40 እንቁላል 11 ደካማ ጫጩቶች ብቻ ወጡልኝ። ስለዚህ ከፋርማሲ አንድ የሰውነት ሙቀት መለኪያ ይግዙ፤ ተራውን ቴርሞሜትር ከእርሱ ጋር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስተያይተው ልዩነቱን ከያዙ በኋላ፣ ተራውን በማሽኑ ውስጥ በእንቁላሉ ከፍታ ያስቀምጡት። (ውሃ አፍልቶ መለኪያን መፈተን ለእኛ አገር ደጋ አይሆንም፤ አዲስ አበባ እንኳ ውሃ 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።) ማሽኑ የሙቀት ንባቡን ማስተካከያ ከሌለው አይግዙት።

ማራገቢያ ያለውን ይምረጡ። ማራገቢያ ካለ ሙቀቱ በሁሉም ጥግ 37.5 ገደማ ይሆናል፤ ከሌለ ግን ላይኛው አየር ሞቆ ታችኛው ስለሚቀዘቅዝ፣ በእንቁላሉ አናት ላይ ከ38 በላይ እየያዙ በግምት መሥራት ይሆናል። ማገላበጫውን በተመለከተ፣ የአበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ስለሆነ ለትልልቅ የፈረንጅ እንቁላል በተሠራ መደርደሪያ ውስጥ ይላወሳል፤ በእንቁላሎቹ መካከል ያሉት የመደርደሪያው ዘንጎች ርቀታቸው የሚጠብብና የሚሰፋ ቢሆን ሁለቱንም ያስተናግዳል።

ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ12 ቮልት ባትሪ መግቢያ መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሳጥኑ ላይ 80 ዋት ቢጻፍበትም ማሞቂያው እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ በአማካይ 40 ዋት ቢወስድ፣ ባለ 50 አምፒር ሰዓት ባትሪን ግማሹን ብቻ ተጠቅመው 7 ሰዓት ያህል ይቆዩበታል። በብርድ ቤት ግን ማሞቂያው ብዙ ስለሚበራ ከዚህ ያጥራል። በዚህ ምክንያት ስስ ፕላስቲክ ካለው ይልቅ ግድግዳው ወፍራም ፎም የሆነው፣ መልኩ ባያምርም፣ ለደብረ ብርሃን ይሻላል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላሉ ውሃውን ቶሎ ያጣል፣ ሽሉም ኦክስጅን ያንሰዋል። እርጥበቱን እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 70 ገደማ ያድርጉት፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እርጥበት እንዳይወጣ ብለው የአየር ቀዳዳውን አይድፈኑ። ከቆላ የመጣ እንቁላልም ደጋ ላይ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ዝቅ ይላል፣ እዚያው የኖሩት የራስዎ ዶሮዎች እንቁላል ግን ይህን የተሻለ ይቋቋማል።

መልስ (ከባሕር ዳር)

በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ የት ሊያሳድጓቸው እንዳሰቡ አልነገሩንም። አንዲት ታቃፊ ዶሮ 12 ያህል እንቁላል ፈልፍላ ጫጩቶቿን ራሷ ታሞቃለች፤ ማሽን ግን 40 ጫጩት በአንድ ቀን ካስረከበ በኋላ ሥራውን ጨረሰ። እኔ በመጀመሪያው ዙር የሞቱብኝ ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ከወጡ በኋላ በብርድ ነው። በእርስዎ አየር ጠባይ፣ ከማሽኑ በፊት ሙቀትን በድርቆሽ የሚይዘውን የጫጩት ማሳደጊያ ሣጥን ያሠሩ፤ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል፣ መብራትም አይፈልግም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ ፎሙን፣ የባትሪ መግቢያ ያለውን ለመግዛት ወስኛለሁ፤ ሣጥኑንም አስቀድሜ አሠራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ማሽኑን ለመሙላት እንቁላሉን ሁለት ሳምንት ባጠራቅም ጉዳት አለው?

መልስ (ከቢሾፍቱ)

ከ7 ቀን አያሳልፉት፤ ከዚያ በላይ በቆየ ቁጥር የሚፈለፈለው ይቀንሳል። 25 ዶሮዎች ካሉዎት ግማሾቹ ብቻ በየቀኑ ቢጥሉ እንኳ 50 እንቁላል በአራትና በአምስት ቀን ይሞላል። ሹሉን ወደ ታች አድርገው፣ ሳያጥቡ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ በሆነ ቦታ ያቆዩት፤ ለዚህኛው እንኳ የደብረ ብርሃን ብርድ ይጠቅምዎታል፣ እኛ እዚህ ቀዝቃዛ ጥግ ስንፈልግ እንውላለን።