ስም ማወቅ ብቻ ዕውቀት ይባላል? የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ የምታወጡ ምከሩኝ

የመጻሕፍቷ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር እናዘጋጃለን። የሥዕል፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሙዚቃና የፍልስፍና ጥያቄዎችን የማወጣው እኔ ነኝ። ሽልማቱ ሁለት ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ነው። ልጆቹ ግን ዋንጫ የተቀመጠላቸው ያህል ነው የሚፋለሙት።

ያለፈው ዓርብ የሆነው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለመጨረሻው ዙር ሁለት ልጆች ቀሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በስንት ዓ.ም. ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ወንዱ ልጅ ከአፌ ነጥቆ «በ1958!» አለ። ልክ ነው፣ አሸነፈ። ሴቷ ልጅ ግን መጽሐፉን አንብባዋለች። ያዋስኳት እኔው ነኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቶባት፣ ሽፋኑን በጋዜጣ ለብዳ መለሰችልኝ። የዚያን ቀን መጽሐፉ ውስጥ ስላለው ስለ ጉዱ ካሳ ቆመን ግማሽ ሰዓት አወራን። «እብድ የሚሉት እውነት ስለሚናገር ነው ወይስ ጊዜና ቦታ ስለማይመርጥ?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ዜሮ ያገኘችው እንግዲህ እሷ ናት። አሸናፊውን በኋላ ጠርቼ «አንብበኸዋል?» አልኩት። «አላነበብኩትም፣ ከጥያቄና መልስ መጽሐፍ ነው የሸመደድኩት» አለኝ። በእሱ አልፈርድም። የሸመደደውን ነው የጠየቅሁት።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄዎቼን አየኋቸው። ከ40ው 31ዱ «ማን» ወይም «መቼ» ናቸው። የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል የሠራው ማን ነው? አፈወርቅ ተክሌ። የዜማ አባት ማን ነው? ቅዱስ ያሬድ። ሐተታ የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው ማን ነው? ዘርዓ ያዕቆብ። ሥዕሉን አንድም ቀን ያላየ ልጅ ሙሉ ነጥብ ይዞ ይወጣል።

ሌላም አለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ መንዙማ ለምን አይጠየቅም?» አለኝ። አፈርኩ። ወሎ ተቀምጬ አንድም የመንዙማ ጥያቄ የለኝም።

በአንድ ደቂቃ የሚመለስ፣ ዳኛ የማያጨቃጭቅ፣ ግን የገባውን ልጅ ከሸመደደው የሚለይ ጥያቄ እንዴት ነው የሚወጣው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ባለክራሩ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የሙዚቃውን ለእኔ ተዪው። «አራቱን ቅኝቶች ጥቀሱ» ካልሻቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለው ያወርዱልሻል። ባቲ ከእኛ ጥቂት ወረድ ብላ ያለች ከተማ ናት፣ አምባሰል እዚያው እናንተ አጠገብ ያለ ተራራማ አገር ነው። ስሙንማ ማን ያጣዋል።

አሰሚያቸው። እኔ ክራር አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የቅኝት ስም አልነግረውም። አንድ አጭር ዜማ በትዝታ እጫወትለታለሁ፣ ያንኑ መልሼ በአንቺሆዬ። «የቱ ላይ ሆድህ ባባ?» እለዋለሁ። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ይሄን በጆሮው የያዘ ልጅ ስሙን በኋላ ቢማረው ይደርሳል። መልሱም አንድ ነው፣ ዳኛ አያጨቃጭቅም።

የመሣሪያውም እንደዚያው ነው። በገና አሥር አውታር፣ መሰንቆ አንድ፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት። ይሄን ከሰሌዳ ላይም ያገኙታል። ዓይናቸውን አስጨፍነሽ «አሁን የሰማችሁት የቱ ነው?» በያቸው። የበገናን ያንን የሚነዝር ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ቀጥለሽ «በዓቢይ ጾም የሚበዛው ለምንድን ነው?» ብትዪ ቤቱ የሰማው ልጅ ይመልስልሻል።

---

የቦረና ልጅ (ወሎ)

ስለ መንዙማ የጠየቀሽን ልጅ አደራ አመስግኚልኝ።

አንድ ጥያቄ ልስጥሽ። «የወሎ ዑለማዎች መንዙማን በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል የጻፉት ለምን ነበር?» ፊደሉ እነሱ ደረሳ ሆነው የተማሩበት ነው። ቋንቋው ደግሞ ዐረብኛ ያልተማረው ገበሬ የሚሰማው ነው። ሃይማኖቱን በዜማ ነበር የሚያስተምሩት። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ስለ ነቢዩ የምታውቀውን ሁሉ ግን በመንዙማ ነው የያዘችው፣ ድቤ እየተመታ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ይሄ ሥነ ጽሑፍም ነው ሙዚቃም ነው። በየትኛው ዙር እንደምታስገቢው አንቺ ታውቂያለሽ።

---

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ 34 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ዓመተ ምሕረት ላይ አትጨክኚ። 1958ን የያዘው ልጅ ጥሩ መነሻ ይዟል። አንድ ነጥብ ስጪውና ቀጥዪ፦ «መጽሐፉ ሲወጣ ፊታውራሪ መሸሻን የመሰሉ ባላባቶች መሬታቸው ላይ ነበሩ?» አዎ፣ ነበሩ። መሬቱን ከባላባት የወሰደው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። ደራሲው የጻፉት ስላለፈ ሥርዓት ሳይሆን ገና በቁሙ ስላለ ሥርዓት ነበር። ለዚህኛው ሦስት ነጥብ። ያኔ ቁጥሩ ሥራ ይሠራል።

የዘርዓ ያዕቆብን ጥያቄ ግን ዛሬውኑ አውጪው። ሐተታው ራሱ በፈረንጆቹ 1667 ተጻፈ ይላል። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በፈረንጆቹ 1920 «ጸሐፊው አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የ19ኛው መቶ ዘመን ሚሲዮናዊ ነው» ብሎ ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ጽፈዋል። ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። ታዲያ የእናንተ ዳኛ በአንድ ደቂቃ በምን ይፈርዳል? «ሐተታው የሰውን ሕግና ልማድ በምን ይመዝናል?» በያቸው። መልሱ «እግዚአብሔር ለሰው በሰጠው ልቡና» ነው። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርሽም።

የያሬድንም አስተካክዪው። ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፣ የእሱ ናቸው ይላል ትውፊቱ። በዜማ መጽሐፉ በድጓ ላይ የሚታየው የዜማ ምልክት ግን ከእሱ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። የተሠራው በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሲሆን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው የሚነሡት። «እስከዚያ ድረስ ዜማው በምን ተጠብቆ ቆየ?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ በልጅነቴ የኔታ ፊት ተቀምጬ በቃሌ ያጠናሁትን ዛሬም አልረሳሁትም። ሽምደዳ ሁሉ ከንቱ አይደለም፣ ልጄ።

---

እናት በሲልቨር ስፕሪንግ

ከሥዕሉ አንድ ነገር ልጨምር። ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም ጥሩ የኢትዮጵያ ሥዕልና መስቀል ስብስብ አለው። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ወስጃት ነበር። ስንወጣ «እማዬ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ላይ ክፉዎቹ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» አለችኝ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፣ ክፉው በጎኑ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሥዕሉን አሳዪአቸውና «ደጉንና ክፉውን ለዩ፣ በምን ለያችሁ?» በያቸው። የሠዓሊ ስም አያስፈልግም።

---

የመጻሕፍቷ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት የዘርዓ ያዕቆብን ጥያቄ ሰርዤዋለሁ። ስለ ዓመተ ምሕረቱም እውነትዎን ነው፣ ቸኩዬ ነበር።

የአፍሪካ አዳራሹን መስታወት ትልቅ ፎቶ አግኝቼ በቀለም አሳትሜዋለሁ። 150 ካሬ ሜትር የሆነውን ነገር በአንድ ወረቀት ማሳየት ከባድ ነው፣ ግን ሦስቱ ክፍሎች በደንብ ይለያሉ። «ያለፈው፣ የአሁኑና የወደፊቱ የቱ የቱ ነው? በምን አወቃችሁ?» ልላቸው ነው። የመንዙማውን ጥያቄ ያ የ10ኛ ክፍል ልጅ ራሱ መድረክ ላይ ያነበዋል። ነግሬዋለሁ፣ እናቱን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ።

ያሸነፈው ልጅ ትናንት ፍቅር እስከ መቃብርን ሊዋስ መጣ። ያለን አንድ ቅጂ ነው፣ እሱንም ሴቷ ልጅ ደግማ ወስዳዋለች። ወረፋ ይዟል።

ባለክራሩ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። በስልክ የቀዳሁት የአንቺሆዬ ድምፅ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ተቆራረጠብኝ። ከትዝታው መለየት አልቻልኩም።

---

ባለክራሩ (ኮምቦልቻ)

በስልክ አይሆንም። ክራሬን ይዤ እመጣለሁ። ዓርብ ስንት ሰዓት ነው?

---

የመጻሕፍቷ (ደሴ)

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።