አምባ አናቱ ለምን ሜዳ ሆነ?

ገመገም፦
ሰላም ለሁላችሁ። በወሎም ሆነ በትግራይ በኩል በመኪና ያለፈ ሰው አምባ ሳያይ አይቀርም። ዙሪያው ገደል ነው፣ አናቱ ግን ደልዳላ። ሌላው ተራራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይሾላል፣ አምባ ግን ሊሾል ሲል አንድ ነገር የቆረጠው ይመስላል። ምንድነው የቆረጠው? እሳተ ገሞራ ነው የሚሉ አሉ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚሉም ሰምቻለሁ። ደግሞ ወገቡ ላይ ምንጭ የሚፈልቀው ከየት መጥቶ ነው? አናቱ ላይ ወንዝ የለ፣ ሐይቅ የለ። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ጥቁር ድንጋይ፦
ማንም አልቆረጠውም፣ አምባ ትራፊ ነው። ይቺን ከያዝክ ሌላው ይቀላል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ቅልጥ አለት የሰሜኑን ደጋ አጥለቀለቀው። አንዴ ብቻ አይደለም። ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና በላዩ ፈሰሰ፣ እንዲህ እያለ ድርብርቡ በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ወፈረ። ከዚያ መሬቱ ከፍ ሲል ወንዞቹ ቁልቁል ይቦረቡሩት ጀመር፣ ተከዜ በዚያ፣ በሽሎ በዚህ። በሸለቆና በሸለቆ መሃል ሳይበላ የቀረውን ነው አምባ የምንለው። አናቱ የተደላደለው ንብርብሩ ራሱ አግድም ስለተኛ ነው፤ ጠንካራው ከላይ ሆኖ የታችኛውን ለስላሳ ከዝናብ ይከልለዋል። ማረጋገጥ ከፈለግክ ከሸለቆው ማዶ ያለውን አምባ እይ። ያው ጥቁር ገደል፣ ከስሩም ያው ተዳፋት በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ታገኛለህ።

የደጋ ልጅ፦
ትክክል ነው። ገደሉ ለምን ቀጥ እንዳለ እኔ ልጨምርበት። ያ ቅልጥ አለት ደርቆ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅና አምስት ስድስት ጎን ያለው ዓምድ ይሆናል። ቀረብ ብለህ ስታየው ሰው የጠረበው ነው የሚመስለው፣ በጣም ነው የሚያምረው። ከስሩ ያለው ለስላሳ ንብርብር ሲሸረሸር ዓምዱ መቆሚያ ያጣና ይገነደሳል፣ ከኋላው ያለው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ አምባ በብዛት የሚያንሰው ከጎኑ ነው። ግርጌው ላይ የተከመረው ቋጥኝ ሁሉ ከዚያ የወረደ ነው።

ምንጩም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሁለት የቅልጥ አለት ፍሳሽ መሃል ረጅም ዘመን ካለፈ የታችኛው አናት አፈር ይሆናል፣ ቀጥሎ የመጣው ቅልጥ አለት ደግሞ ይሸፍነዋል። መንገድ በተቆረጠበት ቦታ ቀይ መስመር ሆኖ ታየዋለህ፣ በጥፍርህ ስትጭረው ይፈረፈራል። የክረምቱ ውሃ በስንጥቁ ወርዶ ወርዶ ይህ ሸክላማ አፈር ላይ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል። ወደ ጎን ሄዶ ወገቡ ላይ ብቅ ይላል።

ገመገም፦
ቀዩን መስመር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰላችሁ! ታዲያ ትግራይ ያሉት የገርዓልታ አምባዎች ለምን ቀይ ሆኑ?

ሸለቆ፦
እነሱ ባዛልት ስላልሆኑ ነው። ገርዓልታም ደብረ ዳሞም አሸዋ ድንጋይ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ከጥቁሩ ድንጋይ በብዙ ይበልጣል። ቅርጹ የመጣው ግን በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ አግድም ንብርብር፣ ጎኑን የሚበላ ውሃ። ደብረ ዳሞ ላይ ለመውጣት 15 ሜትር ገደማ ገደል በጠፍር ይወጣል። መነኮሳቱ አለቱን ፈልፍለው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ። አድዋ ዙሪያ ያሉትን ሹል ተራራዎች ግን ከአምባ ጋር አታምታቱ፤ እነሱ ወፍራም ቅልጥ አለት መውጫው ላይ ደርቆ የቀረባቸው ናቸው፣ ንብርብርም የላቸውም።

እነዚህ ሸለቆዎች ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ማወቅ የፈለገ የአፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ጉዞ ያስብ። በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ካርታ ላይ ስታዩት ሩቅ አይደለም። የጂዳንና የበሽሎን ወንዝ ሸለቆ መንገድ እየቆረጡ መውረዱና መውጣቱ ነው ጊዜውን የበላው።