«ሄብሮስ»፣ «ኤቭሮስ»፣ «ማሪትሳ»፣ «ሜሪች»፦ ወንዙ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንታዊት ትራክያ ባነበብሁት አንድ ጽሑፍ ላይ «ሄብሮስ» የተባለ ወንዝ ተጠቅሷል፤ በካርታ ላይ ግን በዚያው ቦታ ያገኘሁት «ማሪትሳ» የሚለውን ስም ነው። ወንዞቹ ሁለት ናቸውን? ደግሞስ «ሄብሮስ» ከ«ዕብራዊ» ጋር ዝምድና ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ወንዙ አንድ ነው፤ ስሙ የተለያየው በዳርቻው የሚኖሩት ሕዝቦች ቋንቋ የተለያየ ስለሆነ ነው። ማሪትሳ የሚነሣው በቡልጋሪያ ከሪላ ተራሮች፣ ከፍታው 2,925 ሜትር ከሆነው ከሙሳላ ተራራ አጠገብ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ፈስሶ፣ ፕሎቭዲቭን አቋርጦ፣ በመጀመሪያ ለጥቂት ርቀት ቡልጋሪያንና ግሪክን፣ ቀጥሎም ግሪክንና ቱርክን ያዋስናል። በቱርክ ኤዲርኔ ከተማ ዘንድ አርዳ ከምዕራብ፣ ቱንጃ ከሰሜን ይገቡበታል፤ እሱም ወደ ደቡብ ይታጠፍና ዝቅ ብሎ ኤርጌኔን ተቀብሎ፣ ከምንጩ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በኤኔዝ አጠገብ ኤጂያን ባሕር ይገባል።

ቡልጋሮች «ማሪትሳ»፣ ቱርኮች «ሜሪች»፣ ግሪኮች «ኤቭሮስ» ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ስም መሆናቸውን ም፣ ር እና የመጨረሻው ተነባቢ በግልጽ ያሳያሉ። «ኤቭሮስ» ደግሞ ያው የጥንቱ «ሄብሮስ» ነው፤ በግሪክኛ የመነሻው የ«ህ» ድምፅ በዘመን ብዛት ጠፍቷል፣ «ብ»ም ወደ «ቭ» ተለውጧል። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ አግሪያኔስ ወደ ሄብሮስ፣ ሄብሮስም በአይኖስ ከተማ አጠገብ ወደ ባሕር እንደሚገባ ተናግሯል። አግሪያኔስ የዛሬው ኤርጌኔ፣ አይኖስም የዛሬው ኤኔዝ ነው። መንግሥታትና ቋንቋዎች በተፈራረቁበት በዚያ አገር የገባሩና የወደቡ ስም ይህን ያህል ዘመን መዝለቁ እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል።

ስለ «ዕብራዊ» የተነሣው ግምት ግን ወንዝ የሚያሻግር አይደለም። በግሪክ ፊደል ሁለቱ ቃላት በእርግጥ ይመሳሰላሉ፤ ሆኖም «ዕብራዊ» የሚጀምረው ዐይን በተባለው የዕብራይስጥ ፊደል ነው፣ ግሪኮችም ለዚያ ድምፅ ፊደል ስላልነበራቸው ጥለውታል። እኛ ግን ዐይኑን «ዐ» በፊደላችን ጠብቀን ስለያዝን፣ ሁለቱን ስሞች በአማርኛ አስተካክሎ የጻፈ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ፊደል ላይ ያየዋል። የወንዙ ስም የመጣው ከትራክያ ሰዎች ቋንቋ እንደሆነ ይታመናል፤ «ሰፊ» ከሚል ቃል ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት አሉ፣ ነገር ግን ከዚያ ቋንቋ በጽሑፍ የተረፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ እንደ ተቆረጠ ነገር ልንይዘው አይገባም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «ማሪጻ» ብለን በአንድ ፊደል ብንጽፈውስ? ደግሞም ወንዙ የግሪክና የቱርክ ወሰን ነው ማለት በሁሉም ቦታ ይሠራል?

መልስ፦ የእኛ «ጸ» ፈንጂ፣ ማለትም በጉሮሮ ታፍኖ በኃይል የሚወጣ ድምፅ ነው፤ የቡልጋሪያው ግን ልል ስለሆነ «ማሪትሳ» ይበልጥ ይቀርበዋል። ወሰንነቱን በተመለከተ ኤዲርኔ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1923 በሎዛን ውል ካራአጋች የተባለው ሰፈር ከወንዙ ምዕራብ ቢሆንም ለቱርክ ተሰጠ፤ ስለዚህ ከኤዲርኔ ተነሥቶ በድንጋዩ የሜሪች ድልድይ ላይ የተሻገረ ሰው ማዶ ሲደርስም ያለው ቱርክ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ስም በቃል በቃል ፍቺው «ጥቁር ዛፍ» ነው፤ ቱርኮች ግን አንድ የታወቀ የዛፍ ዓይነት የሚጠሩበት ነው።

ከስሞቹ አንዱን ለመምረጥ የምትናገሩለትን ዳርቻና ዘመን ተከተሉ፤ ለጥንቱ ዘመን «ሄብሮስ»፣ ለግሪክ ዳርቻ «ኤቭሮስ» ይስማማል። እ.ኤ.አ. የ1371ዱን ውጊያ ግን፣ ኦስማኖች ሰርቦችን ድል ያደረጉበት ቼርኖሜን ዛሬ ኦርሜንዮ ተብሎ በግሪክ ውስጥ ቢገኝም፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እንዳስለመዱት «የማሪትሳ ውጊያ» ብላችሁ ጻፉት።