ለአባቴ ሕክምና የማወጣው ገንዘብ ከአሥራቴ ይቈጠራልን?

ጥያቄ፦ ደመወዝተኛ (አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ተቀጥሬ የምሠራ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ደመወዝ ማግኘት ከጀመርኩ አንሥቶ አሥራቴን በፖስታ አድርጌ ሳላጓድል ስሰጥ ቆይቻለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አባቴ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በየሳምንቱ እጥበት ስለሚያስፈልጋቸው፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ የሚተርፈኝ ገንዘብ ለአሥራቱም ለሕክምናውም አይበቃም። አገልጋዮቻችንን ብጠይቅ አንዱ በሚልክያስ 3 መሠረት አሥራትን ማስቀረት እግዚአብሔርን መስረቅ ነው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ኪዳን መቶኛ ስላልደነገገ ልብህ እንደ ፈቀደ አድርግ አለኝ። የመጀመሪያው መልስ ያስፈራኛል፤ ሁለተኛው እጅግ ስለሚመቸኝ እጠራጠረዋለሁ። ለአባቴ የማወጣውን ከአሥራቴ ብቈጥረው ስሕተት ይሆንብኛልን? አሥራቱስ የሚሰላው ግብርና የጡረታ መዋጮ ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ እጄ ከሚገባው?

መልስ 1፦ የቃሉ ተማሪ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አባትህን ይማርልህ። ሚልክያስ «ሰረቃችሁኝ» የሚለውን ቃል የጻፈበትን ሁኔታ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ሌዋውያን እንደ ሌሎቹ ነገዶች የርስት መሬት ስላልነበራቸው በዘኍልቍ 18 አሥራቱ መተዳደሪያቸው እንዲሆን ተሰጠ። ሕዝቡ ማስገባቱን ሲተው ምን እንደ ደረሰ ነህምያ 13 ይነግረናል፤ ድርሻቸው የቀረባቸው ሌዋውያንና መዘምራን አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄዱ። ስለዚህ ስርቆት የተባለው ነገር የሚራብ አገልጋይ፣ የሚዘጋ ቤተ መቅደስ ነበረው። ይኸው ሕግ ደግሞ በዘዳግም 14 የሦስተኛው ዓመት አሥራት በየከተማው ተቀምጦ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ ያዝዛል፤ ችግረኛን መመገብ ከአሥራት ዓላማ ውጭ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ይሁንና ለአባትህ የምታደርገውን «አሥራት» ብለህ ባትጠራው እመርጣለሁ። ይህን የምለው አባትህን መርዳት ከአሥራት ስለሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ስለሚቀድም ነው። በማርቆስ 7 ጌታችን ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ለአባትና ለእናት ሊውል የሚገባውን «ቁርባን ነው» (ለእግዚአብሔር የተለየ መባ ነው) እያሉ ልጅን ከግዴታው በማሰናበታቸው ነበር። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ደግሞ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲመልሱ ያዝዛል። እንግዲህ ሕክምናው ዕዳህ ነው። ዕዳህን ከከፈልህ በኋላ ካለህ ላይ ስጥ፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ተጽፏል።

መልስ 2፦ የአጥቢያ ገንዘብ ያዥ

ከላይ በተሰጠው ትምህርት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም እያንዳንዱ አባል አሥራቱን በራሱ ሚዛን እየመዘነ ወደ ፈለገው ቦታ ቢያዞረው በየገጠሩ የተላኩ ወንጌላውያን በምን ይኖራሉ? ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ጌታ እንደ ደነገገ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ተጽፏል። እኔ የምመክረው ጥቂትም ቢሆን መስጠትህን ሳታቋርጥ ችግርህን ለሽማግሌዎች እንድትገልጥ ነው። ብዙ አጥቢያዎች ለተቸገሩ አባላት የሚውል ገንዘብ ይይዛሉ፤ ዘወትር ሰጪ የነበረ ሰው ግን ተቀባይ መሆን ስለሚያሳፍረው አይጠይቅም። ለእንዲህ ያለው አባል የማይደርስ ቤተ ክርስቲያን ሚልክያስን እየጠቀሰ ሊያስፈራራው አይገባም፤ ገቢና ወጪውንም ለምእመናኑ በግልጽ ማሳወቅ አለበት።

መልስ 3፦ ምእመን ዘኦርቶዶክስ

ጠያቂው የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ባይሆኑም ጥያቄው የጋራችን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመን በዋናነት የምትተዳደረው በመሬቷ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህ ሲቀር፣ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ የተደራጀው ሰበካ ጉባኤ የሚሰበስበው የምእመናን አስተዋፅኦ ዋና መደገፊያዋ ሆነ። በዚህ ምክንያት አሥራት በኩራት ማውጣት ስለ ካህናቱ ኑሮም የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ በአንዳንድ ገጠር ያሉ አድባራት በአገልጋይ እጦት እስከ መዘጋት የሚደርሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሌላ በኩል በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ አይሁድ አሥራታቸውን ሲለዩ ክርስቲያኖች ግን ያላቸውን ሁሉ ለጌታ ሥራ እንደሚለዩ አስተምሯል። በዚህ ዓይን ከታየ ዘጠኙ እጅ የእኛ፣ አንዱ እጅ ብቻ የእግዚአብሔር ነው የሚለው አከፋፈል ራሱ ያጠያይቃል። በእኛ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለንስሐ አባት ማማከር የተለመደ ነው፤ አባትም የሰውየውን ቤት ስለሚያውቅ እንደ አቅሙ ይመክረዋል።

መልስ 4፦ ሒሳብ ሠራተኛ

ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ስለ ቀረ ባጭሩ ልጨምር። የኦሪቱ አሥራት የወጣው ከእህል፣ ከወይን፣ ከዘይትና ከከብት ነው፤ ስለ ወር ደመወዝ የተጻፈ ትእዛዝ ስለሌለ በሁለቱም ወገን ያሉት የሚከራከሩት በአንድምታ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ከሠራተኛው ለጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶ ለጊዜው እጅዎ ባይገባም የእርስዎ ነው። አሥራትን ከተጣራው ደመወዝ የሚያወጣ ሰው የጡረታ አበሉን መቀበል ሲጀምር ከዚያም ያወጣል፤ ከጠቅላላው ሲያወጣ የኖረ ግን በራሱ መዋጮ ላይ ሁለተኛ እንዲከፍል የሚያስገድደው ምክንያት አይታየኝም። አሁን ባሉበት ሁኔታ ከተጣራው ቢያሰሉ የሚነቅፍዎ ያለ አይመስለኝም።